እትዬ እታገኝ ኮምፒውተራቸውን ሊሸጡ የሄዱ ዕለት

ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው ቅያስ፣ በጨርቃ ጨርቅ ሱቆች መካከል አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። በሯ ላይ «እታገኝ የጽሕፈት አገልግሎት» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የዕድር ደንብ ወይም የአርባ ቀን መታሰቢያ ጥሪ ማስጻፍ የፈለገ የአካባቢው ሰው የሚሄደው ወደዚች ክፍል ነው። ሌላ ጽሕፈት ቤት ጠፍቶ አይደለም። እትዬ እታገኝ ፊደል አይስቱም። ባለጉዳዩ «ሰላም» የሚለውን በንጉሡ «ሠ» ጽፎ ቢያመጣላቸው፣ ምንም ሳይሉት አስተካክለው ይሰጡታል። የትኛው መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን በምን ዓይነት አጻጻፍ እንደሚቀበልም ያውቃሉ።

ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። የተወለዱት ጎጃም፣ ቡሬ አጠገብ ነው። በአሥራ አራት ዓመታቸው አክስታቸው ዘንድ ጭድ ተራ መጡና እዚያው ቀሩ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሰው የጽሕፈት መኪና ተማሩ። ከዚያ በአንድ የመንግሥት ድርጅት ታይፒስት ሆነው ተቀጠሩ። በክፍሉ ከነበሩት ዘጠኝ ታይፒስቶች በፍጥነት እሳቸውን የሚስተካከል አልነበረም። ድርጅቱ ሲፈርስ ሌሎቹ ወደየቤታቸው ገቡ፤ እሳቸው ግን ከንብረቱ ሽያጭ ላይ የሠሩበትን መኪና ገዝተው ራጉኤል አጠገብ ሸራ ወጥረው ተቀመጡ። ባላቸው በሞቱ ጊዜ ልጃቸው አዲስዓለም የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ያንን ሁሉ ዘመን በአሥር ጣታቸው ተሻገሩት።

ኮምፒውተር ሲመጣም አልሸሹም። ፊደሎቹ ሁሉ ቦታቸውን ቀይረው ስለነበር ጣቶቻቸው አዲሱን አቀማመጥ እስኪለምዱ ስምንት ወር ፈጀባቸው። ከለመዱ በኋላ ግን እንደ ድሮው ሆኑ። ዓይናቸው ረቂቁ ላይ ያርፋል፤ ጣቶቻቸው ብቻቸውን ይሮጣሉ። ስክሪኑን የሚያዩት ጽፈው ሲጨርሱ ነው።

ችግሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አሮጌው ኮምፒውተራቸው ተቃጠለ። ፋይሎቹ ግን ተረፉ። ከአንድ ሱቅ ሌላ ኮምፒውተር ገዙ። ስክሪኑ ሰፊና አዲስ ነው፣ ሻጩም የድሮ ፋይሎቻቸውን ገልብጦ ሰጣቸው። «ሁሉን ነገር ጭኜበታለሁ፣ እናቴ፤ ምንም አይጎድለውም» አላቸው። እሳቸውም አመስግነው ወሰዱት።

ከዚያ ወር ጀምሮ ሥራቸው ይበላሽ ጀመር።

በመጀመሪያ የአንድ ነጋዴ ማመልከቻ ላይ ሁለት መስመር ተበላሽቶ ወጣ። «ከፍተኛ ገንዘብ» ብለው የጻፉት «ክፍትኛ ግንዝብ» ሆኖ ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ሰው የጻፈው ይመስላል። አፍረው ቶሎ አስተካከሉት። በሳምንቱ ደግሞ የአንድ ሰው የመታሰቢያ ጥሪ መሃል ላይ ያው ሆነ። ምን እንዳጠፉ ለማየት ያንኑ ዓረፍተ ነገር እንደገና ሲጽፉት ትክክል ሆኖ ይወጣል። አንዴ ትክክል፣ አንዴ ስሕተት። ምክንያቱን ቢፈልጉ አላገኙትም።

በዚህ ላይ ፋይል መጥፋት ጀመረ። ጠዋት እዚህ ጋ ያስቀመጡት ከሰዓት እዚያ የለም። በማግስቱ ሌላ ቦታ ላይ ያገኙታል፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ አያገኙትም። ባለጉዳይ በርጩማው ላይ ተቀምጦ እየጠበቀ፣ እሳቸው በዚያ ሰፊ ስክሪን ላይ እንደ ተልባ ፍሬ የደቀቁትን ጽሑፎች አንድ በአንድ ይፈልጋሉ። ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው ዓይናቸው እስኪያነባ ድረስ ይፈልጋሉ። ከዚያ «ነገ ተመለስ፣ ልጄ» ይላሉ። በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ብለው አያውቁም።

ሌላ ሰው ቢሆን ኮምፒውተሩን ይጠረጥር ነበር። እትዬ እታገኝ ግን ራሳቸውን ጠረጠሩ፤ ለዚህም ምክንያት ነበራቸው። እናታቸው ልክ በዚህ ዕድሜ ነበር መርሳት የጀመሩት። መጀመሪያ ዕቃ የት እንዳስቀመጡ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ በመጨረሻ እታገኝን በሞተች ታላቅ እህታቸው ስም መጥራት ጀመሩ። ስድስት ዓመት ያስታመሙት እትዬ እታገኝ ናቸው። ያ በሽታ እንዴት ቀስ ብሎ፣ በትንንሽ ነገር እንደሚገባ አይተዋል። አሁን ወደ እሳቸው የመጣ መሰላቸው። ለማንም አልተናገሩም። አብራቸው ለምትኖረው፣ መምህርት ለሆነችው ለልጃቸው ለአዲስዓለም እንኳ አልነገሯትም።

የባሰው ነገር የመጣው በዕድሩ ደንብ ነው። የሠፈሩ ዕድር ደንቡን አሻሽሎ ነበርና የዕድሩ ጸሐፊ ጋሼ ኃይለመለኮት ሃያ ሁለት ገጽ የእጅ ጽሑፍ አመጡላቸው። ከዓመታዊው ስብሰባ በፊት ኮሚቴው ሊያየው ፈልጓል። እትዬ እታገኝ በሦስት ቀን ጽፈው፣ ስክሪኑ ላይ ዓይናቸው እንደቻለ አይተው፣ አትመው ሰጧቸው።

ጋሼ ኃይለመለኮት በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተመልሰው መጡ። ሰባ አራት ዓመት የሞላቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቁመታቸው ዘለግ ያለ ስለሆነ በሩን ሲገቡ ጎንበስ ይላሉ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«እታገኝ፣ እስቲ ስድስተኛውን ገጽ እዪልኝ።»

እትዬ እታገኝ መነጽራቸውን አድርገው አዩ። «የዕድሩ ገንዘብ ያዥ» የሚለው «ይዕድሩ ግንዝብ ያዥ» ሆኗል። «ሰብሳቢ» የሚለው «ስብሳቢ» ሆኗል። ገጹ ከላይ እስከ ታች እንደዚሁ ነው። ሰባተኛው ደህና ነው። ስምንተኛው እንደገና ተበላሽቷል።

«ኮሚቴው ፊት ጮክ ብዬ ሳነብ ነው ያየሁት» አሉ ጋሼ ኃይለመለኮት። «ሰባት ሰው ነበርን።»

«ሳቁ?»

ጋሼ ኃይለመለኮት ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። «ደክሞሽ ይሆናል» አሉ። «ብዙ ዓመት ሠርተሻል። ብታርፊስ?»

ቢቆጧቸው ይሻላቸው ነበር። ጋሼ ኃይለመለኮት ከወጡ በኋላ እትዬ እታገኝ ያንን ገጽ ይዘው ብዙ ተቀመጡ። በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ክፍሉን ከፍተው ጠረጴዛውን ጠራረጉ፣ ወረቀቶቻቸውን አስተካከሉ፤ ከዚያ ቆልፈው ወጡና ኮምፒውተሩን ሊሸጡ ሄዱ።

የሄዱት ወደ ሰኪና ነው። ሰኪና ቅያሱ ጫፍ ባለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አሮጌ ኮምፒውተር የምትገዛና የምትጠግን፣ ሠላሳ አራት ዓመት ገደማ የሆናት የስልጤ ተወላጅ ናት። አባቷ እዚያው ሕንፃ ሥር የወጥ ቤት ዕቃ ያከፋፍላሉ። እሷ ግን ትምህርቷን ጨርሳ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደች። ብዙ አታወራም። ከጓደኞቿ ጋር ስትሆን ነው የምትስቀው፤ ሥራ ላይ ግን ዝም ብላ ታያለች።

«ኮምፒውተሬን ልሽጥልሽ ነው የመጣሁት፣ ልጄ» አሏት እትዬ እታገኝ።

«ሌላ ሊገዙ ነው?»

«አይ። ሥራውን ልተወው ነው።»

ሰኪና የያዘችውን መፍቻ አስቀመጠች። «ለምን? ኮምፒውተሩ ችግር አለው?»

«እሱስ ደህና ነው። ችግሩ እኔ ነኝ።»

ሰኪና ተነሣች። ነጠላ ጫማዋን በጫማ ቀይራ፣ «እኔ ሲሠራ ሳላይ አልገዛም። እንሂድ፣ እንየው» አለችና ተከትላቸው ወረደች።

ወደ ጠባቧ የጽሕፈት ክፍል ተመልሰው እትዬ እታገኝ ኮምፒውተሩን ከፈቱ። ተነሥቶ እስኪጨርስ አራት ደቂቃ ፈጀ። ሰኪና በርጩማውን ሳብ አድርጋ ከጎናቸው ተቀመጠች።

«እንደ ልማድዎ ይሥሩበት፣ እትዬ። የፈለጉትን ይጻፉ። እኔ እንደሌለሁ ይቁጠሩኝ።»

እትዬ እታገኝ በአጠገባቸው ሌላ ነገር ስላልነበረ የዕድሩን ረቂቅ አወጡ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። ሰኪና ብዙ የጽሕፈት ሠራተኛ አይታለች፤ እንዲህ የሚጽፍ ግን አይታ አታውቅም። የቁልፎቹ ድምፅ እንደ ዝናብ ይወርዳል፣ ዓይናቸው ከረቂቁ አይነሣም። የመጀመሪያው ገጽ አለቀ፣ አንድም ስሕተት የለበትም። እትዬ እታገኝ በቀኝ እጃቸው ገጹን ገለጡና ቀጠሉ።

ሁለተኛው ገጽ ሲጀመር ስክሪኑ ላይ የወጣው «ይዕድሩ አባል» የሚል ነው።

ሰኪና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።  እሳቸው ስክሪኑን ስለማያዩት መጻፋቸውን ቀጠሉ። ገጹ አልቆ ሦስተኛውን ሲገልጡ ጽሑፉ እንደገና ትክክል ሆነ። አራተኛው ላይ ተበላሸ። ሰኪና አሁን የምታየው ጽሑፉን አልነበረም፤ የእትዬ እታገኝን ግራ እጅ ነበር።

«እትዬ፣ ቆይ እስቲ» አለች። «እጅዎን አያንቀሳቅሱት። እንዳለ ይተዉት።»

እትዬ እታገኝ ገጽ ሊገልጡ ቀኝ እጃቸውን እንዳነሡ ቆሙ።

«ግራ እጅዎ የት ነው ያለው?»

ወደ ታች አዩ። የግራ እጃቸው የውጭ ጠርዝ የኪቦርዱ ግራ ማዕዘን ላይ አርፏል። ታች ጥግ ያለውን ኮንትሮል የተባለውን ቁልፍና ከላዩ ያለውን ሺፍት አንድ ላይ ተጭኗቸዋል።

«ሁልጊዜ ገጽ ሲገልጡ እንዲህ ያደርጋሉ?»

እትዬ እታገኝ ትንሽ አሰቡ። «ከድሮ የመጣ ነው» አሉ። «የጽሕፈት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ይንሸራተት ነበር። ገጽ ስንገልጥ በግራ እጃችን ጥግ ጥጉን ደገፍ እናደርገው ነበር። ያኔ ሁላችንም እንደዚያ ነበርን።»

ሰኪና በስክሪኑ ቀኝ ታች፣ ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት በጣቷ አሳየቻቸው። እትዬ እታገኝ ተጠግተው እንኳ አላነበቧትም።

«ሻጩ ሲጭንልዎ ሁለት የአማርኛ ኪቦርድ ነው የጫነብዎ» አለች ሰኪና። «አንደኛው እርስዎ የሚያውቁት ነው። እሱ ላይ አንድ ጊዜ ሲነኩት «ገ» ይላል። ሁለተኛው ላይ ያው ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲነካ «ግ» ነው የሚለው፤ «ገ» እንዲል ሌላ ቁልፍ ይጨመርበታል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀይረው ደግሞ እነዚህ ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ሲነኩ ነው። ገጽ ሲገልጡ እጅዎ ሁለቱንም በነካ ቁጥር ይቀይረዋል።»

እትዬ እታገኝ እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አላነሡም። 

«በድሮው ኮምፒውተሬ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም።»

«የድሮው ላይ አንድ ብቻ ይሆናል የነበረው። የሚቀይረው ነገር ከሌለ ቢነኩትም ምንም አይሆንም።»

«ስለዚህ» አሉ እትዬ እታገኝ፣ ድምፃቸው ቀጠን ብሎ፣ «እኔ አይደለሁም?»

«ምኑ?»

«ፊደሉን የረሳሁት። እኔ አይደለሁም?»

ሰኪና ሴትዮዋ ምን ተሸክመው እንደነበር የገባት ያን ጊዜ ነው። በርጩማዋን ወደ እሳቸው አዞረች። «እትዬ፣ እርስዎ አንድም ፊደል አልሳቱም። እኔ ከጎንዎ ሆኜ አራት ገጽ ሙሉ አይቻለሁ። ጣትዎ ሁሌም ትክክለኛውን ቁልፍ ነው የሚነካው። ኮምፒውተሩ ነው ሌላ ነገር የሚሰጥዎት።»

እትዬ እታገኝ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ዓይናቸውንም ጠረጉ። ከዚያ ስለ እናታቸው ነገሯት። ለማንም ያልተናገሩትን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ስንት የጎረቤት ስም እንደሚያስታውሱ በልባቸው እንደሚፈትኑ ሁሉ ነገሯት። 

«ወደ ቤትዎ የሚወስደው መንገድ ጠፍቶብዎ ያውቃል?» አለቻቸው ሲጨርሱ።

«ኧረ አያውቅም።»

«ድስት ጥደው ረስተዋል?»

«እሱ ሁሉም ሰው ይረሳል» አሉና ሳቅ አሉ። ሰኪናም ሳቀች።

ሰኪና ራሷ አላስተካከለችውም። ማውሱን ወደ እሳቸው ገፋችና «እርስዎ ያድርጉት፤ ነገ እኔ ባልኖርም እንዲያውቁት» አለች። ሴቲንግ ውስጥ አስገብታ፣ ቋንቋ የሚለውን አስከፍታ፣ የማያውቁትን ኪቦርድ ራሳቸው እንዲያጠፉት አደረገች። ከዚያ ሁለቱ ቁልፎች አንድ ላይ ሲነኩ ኪቦርድ የሚቀይሩበትን ነገር አስዘጋቻቸው። እትዬ እታገኝ ረቂቁን ይዘው ገጹን ገለጡ፣ ጻፉ፤ ገለጡ፣ ጻፉ። አሥር ጊዜ ያህል ሆን ብለው ማዕዘኑን እየተደገፉ ገለጡ። «ገንዘብ» አሥሩንም ጊዜ «ገንዘብ» ሆኖ ወጣ።

«ፋይሉስ?» አሉ ከዚያ። አሁን ፍርሃቱ ለቋቸው፣ ጉጉት ይዟቸዋል። «ፋይሎቼን ማን ነው ከቦታቸው የሚያነሣቸው?»

ሰኪና የዴስክቶፑን ገጽ አየች። ከአራት መቶ በላይ ፋይል ተደርድሮበታል። ከኋላው ሻጩ የለጠፈው የፏፏቴ ፎቶ አለ፤ በነጭ አረፋ ላይ ነጭ ጽሑፍ ምንም አይነበብም።

«የድሮው ላይ እንዴት ነበር የሚያስቀምጡት?»

«በቦታ ነው። ሠርግ በግራ፣ ኀዘን በቀኝ፣ የፍርድ ቤት ከታች። ስሙን አላነብም፤ ቦታውን ነው የማውቀው።»

«እዚህ ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲደረድር ተደርጓል። አዲስ ፋይል በጨመሩ ቁጥር ሁሉንም ያንቀሳቅሳል። ጠዋት በቀኝ የነበረው ከሰዓት ሦስተኛ መስመር ላይ ይሄዳል።» ሰኪና ባዶ ቦታ ላይ የማውሱን ቀኝ አስነክታ፣ በራሱ እንዲደረድር የሚያደርገውን ምልክት አስነሣቻቸው። «አሁን ያስቀመጡበት ይቀመጣል። ግን አራት መቶ ፋይል ገበታ ላይ አይበተንም፣ እትዬ። ወረቀት ቢሆን እንዲህ ይተዉታል?»

«አልተውም።»

ስለዚህ ፎልደር ሠሩ። ሠርግ፣ ኀዘን፣ ፍርድ ቤት፣ ዕድር፣ ማመልከቻ። በእያንዳንዱም ውስጥ በዓመት ከፋፈሉ። ፎልደሮቹን ከዋናው ዲስክ ሌላ ወደሆነው ክፍል አዛወሯቸውና መክፈቻቸውን ብቻ ዴስክቶፑ ላይ፣ እትዬ እታገኝ በሚያውቁት ቦታ አስቀመጡ። የጠፉትን አሥራ አንድ ፋይሎችም አገኟቸው። መጻፊያው ፕሮግራም ቦታ ሳይመረጥለት ሲቀር የሚያስቀምጥበት የራሱ ፎልደር ነበረው፤ ሁሉም እዚያ ተከማችተዋል። ከእነሱ ውስጥ የአንዲት እናት የጡረታ ማመልከቻ ነበር። እትዬ እታገኝ ያን ማመልከቻ አልጻፉት ይሆን ብለው ሁለት ሳምንት ሲጨነቁ ነበር። ሲያዩት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ከአሁን ወዲያ አንድ ነገር ቢጠፋብዎ፣ ታች ባለው መፈለጊያ ላይ የባለጉዳዩን ስም ይጻፉ። ፋይሉን ሲሰይሙ ደግሞ «ደብዳቤ አንድ»፣ «ደብዳቤ ሁለት» አይበሉ፤ የሰውየውን ስምና ቀኑን ያድርጉ።»

እትዬ እታገኝ ይህን ሁሉ በእጃቸው ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ሰኪና እስኪጽፉ ትጠብቃለች።

ቀጥሎ የስክሪኑ ነገር መጣ። ሰኪና የጽሑፉንና የምልክቱን መጠን የሚያሳድገውን ከመቶ ወደ መቶ ሃምሳ አስደረገቻቸው። ስክሪኑ አንዴ ጥቁር ብሎ ሲመለስ እትዬ እታገኝ ወደ ኋላ አሉ። ሁሉም ነገር ተነበበ። ከሰዓቱ አጠገብ ያለችዋ ምልክት እንኳ ተነበበች።

«ይህ ነገር እዚሁ ነበር?»

«እዚሁ ነበር። ስክሪኑ ሰፊና ጥራቱ ከፍ ያለ ሲሆን ካልነገሩት ሁሉን ያሳንሰዋል።»

የማውሱን ቀስት አተለቁት፣ ቢጫ አደረጉት። ፏፏቴውን አንሥተው ድፍን ጥቁር ሰማያዊ አደረጉበት። ለማስነሻ አራት ደቂቃ የሚፈጅበትንም ምክንያት አገኙ። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አሥራ ሁለት ፕሮግራም አብሮ ይነሣል። ከመካከላቸው እትዬ እታገኝ የሚያውቁት ሁለት ብቻ ነበር። ሰኪና ፀረ ቫይረሱንና የፕሪንተሩን ትታ፣ ሌሎቹ ሳይጠየቁ እንዳይነሡ አስከለከለቻቸው። አጥፍተው ሲያስነሡት ከአንድ ደቂቃ በታች ሆነ።

ሰባት ሰዓት ገደማ ሲሆን ሰኪና ለመስገድ ተነሣች። በሩ ላይ ሆና «እትዬ፣ ኮምፒውተሩን አልገዛዎትም» አለች።

«አልሸጥልሽም» አሉ እትዬ እታገኝ።

«ሁለት ነገር ግን ቃል ይግቡልኝ። ዓርብ ዓርብ ፎልደሮቹን በሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ፤ መብራት ደግሞ ጠፍቶ መምጣቱ አይቀርም። ሌላው ዓይንዎን ይታዩ። ጽሑፉ አንሶ ነበር፤ አሁን ከተለቀ በኋላም ሲያዩ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ።»

የዚያን ዕለት እትዬ እታገኝ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤታቸው ገቡ። አዲስዓለም የተማሪ ደብተር እያረመች ነበር። እናቷ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ አጠገቧ ተቀመጡና ሁሉን ነገሯት፤ ፍርሃታቸውን፣ የኮሚቴውን፣ ኮምፒውተሩን ሊሸጡ መሄዳቸውን፣ የግራ እጃቸውን ነገር። አዲስዓለም እስኪጨርሱ ሰማች። ከዚያ ስልኳን አወጣችና አንድ ማስታወሻ ከፈተችላቸው። ከአራት ወር በፊት የጀመረ ነው። «እማ ፋይል አጣች።» «እማ ዛሬም ተሳሳትኩ ብላ አለቀሰች፣ ያላየኋት መስሏት።» ቀን በቀን ተጽፏል።

«ለሐኪም ላሳየው ብዬ ነበር የምጽፈው» አለች። «አያቴን አስታውሳለሁ። ልነግርሽ ፈራሁ።»

«አንቺም?»

«እኔም።»

እትዬ እታገኝ ማስታወሻውን እስከ መጨረሻው አነበቡት። የተጻፈው ሁሉ ስለ ኮምፒውተር ነበር። አንድም የረሱት ሰው፣ አንድም የሳቱት መንገድ አልነበረበትም። አዲስዓለምም አሁን ነበር ያስተዋለችው። እጇን እናቷ ትከሻ ላይ አድርጋ ማስታወሻውን አጠፋችው። የእራት ሰዓት እስኪደርስ ሁለቱም አልተነሡም። ስለ ሌላ ነገር፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አወሩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነበር እንዲህ የተጫወቱት።

እትዬ እታገኝ የዕድሩን ደንብ ከዓርብ እስከ ማክሰኞ ጠዋት እንደገና ጻፉት። ይህን ጊዜ እያንዳንዱን ገጽ በስክሪኑ ላይ በትልቁ እያነበቡ አረሙት። ጋሼ ኃይለመለኮት መጥተው በርጩማው ላይ ተቀምጠው ሃያ ሁለቱንም ገጽ አነበቡ። እንደ መምህርነታቸው ስሕተት ፈልገው በሰባ ደቂቃ ውስጥ አንዲት ነጠላ ሰረዝ አገኙ፤ እሷም ከራሳቸው ረቂቅ የመጣች ነበረች።

«ምንድን ነበር ያኔ የሆንሽው?» አሉ።

እትዬ እታገኝ ግራ እጃቸውን ኪቦርዱ ማዕዘን ላይ አድርገው አሳዩአቸው። ሁለቱን ኪቦርዶችም አስረዱ። ጋሼ ኃይለመለኮት በጥሞና ሰሙ። ከዚያ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ተናገሩ።

«እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን ዕለት ኮሚቴው ሥራውን ለሌላ እንስጥ ሲል እኔ ዝም አልኩ። ልከራከርልሽ ይገባኝ ነበር። አርባ ዓመት የማውቃት ሴት ናት፣ መጀመሪያ እንጠይቃት ማለት ነበረብኝ።»

«እኔ ራሴ ለራሴ አልተከራከርኩም፣ ጋሼ» አሉ እትዬ እታገኝ። «በእርስዎ አልፈርድም።»

ዓመታዊው ስብሰባ እሑድ ነበር። ደንቡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲነበብ እትዬ እታገኝ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው አዳመጡ። ስድስተኛው ገጽ ላይ ሲደረስ ትንፋሻቸውን ያዙ። ገንዘብ ያዡ ገንዘብ ያዥ ሆነው አለፉ። ጋሼ ኃይለመለኮት አንብበው ሲጨርሱ «የጻፈችልን እታገኝ ናት» ብለው ተቀመጡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአዲስዓለም ጋር ዓይን ክሊኒክ ሄዱ። ሐኪሟ ግራ ዓይናቸው ላይ የዓይን ሞራ መጀመሩን ነገረቻቸው። ገና ለቀዶ ሕክምና አልደረሰም፤ በስድስት ወር ተመልሰው ይታያሉ፤ እስከዚያ የመነጽራቸው ቁጥር ይቀየራል። እትዬ እታገኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«መጻፍ እችላለሁ?»

«ይችላሉ» አለች ሐኪሟ። «በየሃያ ደቂቃው ግን ቀና ብለው ሩቅ ይመልከቱ።»

አሁን በጽሕፈት ክፍላቸው ውስጥ ይህን ያደርጋሉ። ከረቂቁ ቀና ይሉና በበሩ በኩል የሚያልፈውን ሰው፣ ጣቃ ተሸክሞ የሚሄደውን፣ ከሚኒባሱ የሚወርደውን ጥቂት ያያሉ። ከዚያ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።